ኺኔቴ፣ አማሶና፣ ካባዬሮ፦ ስለ ስፓኒሹ ፈረሰኛ የቀረበ ጥያቄና ምላሹ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው አሜሪካ ነው። ስፓኒሽ በስልኬ እየተማርኩ ነው። ሥራ ቦታ የኩባና የአርጀንቲና ሰዎች ስላሉ ከእነሱ ጋር እለማመዳለሁ። ሴት ልጄ የፈረስ ግልቢያ ትማራለች። ፈረሰኛ በስፓኒሽ ‹ኺኔቴ› እንደሚባል አውቅ ስለነበር፣ ለሴት ሲሆን ‹ኺኔቴራ› ይባላል ብዬ ገመትኩ። ‹ልጄ ጎበዝ ኺኔቴራ ናት› ስላት ኩባዊቷ ባልደረባዬ ፊቷ ልውጥ አለ። አርጀንቲናዊው ደግሞ ሳቁን መያዝ አቃተው። ምን አጠፋሁ? አንድ ወዳጄ ቃሉ አረብኛ ነው፣ ትርጉሙም ፈረሰኛ ማለት ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ‹ካባዬሮ› በል፣ ያው ነው ይለኛል። እውነቱ የቱ ነው?»

ከአስቸኳዩ ልጀምር። «ኺኔቴራ» ፈረስ የምትጋልብ ሴት ማለት አይደለም። በኩባ ስፓኒሽ ከውጭ ቱሪስቶች ገንዘብ ለማግኘት ገላዋን የምትሸጥ ሴት ማለት ነው። ባልደረባዎ የሰማችው ይህንን ነው። ያውም አባት ስለ ገዛ ልጁ ሲናገር። ፊቷ ቢለዋወጥ አይፈረድባትም። እርስዎም የቃሉን ታሪክ ስላላወቁ እንጂ ክፉ አስበው አልተናገሩም። ዛሬውኑ ቀለል አድርገው «ኪሴ ዴሲር አማሶና» ይበሏት። «አማሶና ማለቴ ነበር» ማለት ነው። ወዲያው ይገባታል።

ቃሉ እዚህ ትርጉም ላይ እንዴት እንደደረሰ ማወቅ ይጠቅማል። ሥሩ «ኺኔቴያር» የሚለው ግስ ነው። መጋለብ፣ በተለይ ያልተገራ ፈረስ ላይ ወጥቶ መግራት ማለት ነው። ከዚህ ግስ በኩባ «ኺኔቴሮ» የሚል የመንገድ ቃል ወጣ። ቱሪስት እየተከተለ ሲጋር የሚሸጥ፣ ዶላር በጥቁር ገበያ የሚመነዝር፣ ክፍል የሚያከራይ፣ ምግብ ቤት የሚያሳይ ሰው ነው። ምስሉ ግልጽ ነው፦ ቱሪስቱ ፈረስ ነው፣ ልጁ ጋላቢ። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ ኩባ ትልቁን ደጋፊዋን አጣች። መንግሥት «ልዩ ወቅት» ብሎ የሰየመው የችግር ዘመን መጣ። ምግብ፣ ነዳጅና መድኃኒት ጠፋ። አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ፍለጋ በሯን ለቱሪስት ከፈተች። ያኔ ብዙ ወጣት ሴቶች ወደዚህ ኑሮ ገቡ፤ «ኺኔቴራ» የሚለው ስምም ተለጠፈባቸው። ያንን ዘመን ለኖረ ኩባዊ ቃሉ ስድብ ብቻ አይደለም። ረሃብንና የጎረቤት ልጅን ያስታውሰዋል። ስለዚህ እባክዎ ለቀልድም አይጠቀሙበት።

የሰዋስው ግምትዎ የሳተውም እዚሁ ላይ ነው። በስፓኒሽ «ኤንፌርሜሮ» ወንድ ነርስ፣ «ኤንፌርሜራ» ሴት ነርስ ነው። ይህን አይተው «ኺኔቴራ» አሉ። ነገር ግን ወንዱ «ኺኔቴሮ» አይደለም፣ «ኺኔቴ» ነው። በዚህ ዓይነት ድምፅ የሚያልቁ ብዙ የስፓኒሽ የሰው ስሞች ለወንድም ለሴትም አይለወጡም። የሚለወጠው ከፊታቸው ያለው ቃል ብቻ ነው፦ «ኤል ኺኔቴ» ወንዱ፣ «ላ ኺኔቴ» ሴቷ። ከዚህ ሌላ ለሴት የቆየና የተከበረ ቃል አለ፤ «አማሶና»። ከግሪክ ተረት ሴት ተዋጊዎች ስም የመጣ ነው። በውድድር ዘገባም በጋዜጣም ይህንኑ ያገኛሉ። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ። «አ ላ አማሶና» የሚባል አጋላለብ አለ፤ ሁለቱን እግር በአንድ ጎን አድርጎ መቀመጥ ነው፣ ድሮ ቀሚስ የለበሱ እመቤቶች እንደሚያደርጉት። ልጅዎን «አማሶና» ሲሉ ግን ማንም ይህን አያስብም። «ኺኔታ» የሚል የሴት ቅርጽም አልፎ አልፎ ይሰማል። ይህ ቃል ሌሎች ብዙ ትርጉሞች ስላሉት ለጀማሪ አልመክረውም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ወዳጅዎ አባባል እንምጣ። «ቃሉ አረብኛ ነው፣ ትርጉሙም ፈረሰኛ ነው» የሚለው ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስህተት ነው። ቃሉ ወደ ስፓኒሽ የገባው በአንዳሉስ፣ ማለትም ሙስሊሞች ይገዙት በነበረው የስፔን ምድር፣ ይነገር በነበረው አረብኛ በኩል ነው። በአረብኛ ግን ፈረሰኛ «ፋሪስ» ነው። ይህን ቃል የእኛ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል፤ ከእኛው ፈረስ ጋር አንድ ሥር ነው። ስፓኒሽም «አል ፋሪስ»ን ወስዶታል፣ ግን ለሌላ ሥራ። «አልፌሬስ» አድርጎ መጀመሪያ ለንጉሥ ባንዲራ ያዥ፣ በኋላ ለዝቅተኛ መኮንን ማዕረግ ሰጠው። ዛሬም በስፔን ጦር ውስጥ አልፌሬስ የሚባል ማዕረግ አለ፤ ባለማዕረጉ በሕይወቱ ፈረስ ላይ ወጥቶ ላያውቅ ይችላል።

«ኺኔቴ» ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የነገድ ስም ነው። ዜናታ ከሚለው መጣ። ዜናታ በዛሬዎቹ ሞሮኮና አልጄሪያ የኖረ ትልቅ የአማዚግ ነገዶች ስብስብ ነው፤ በተለምዶ በርበር ከምንላቸው ሕዝቦች አንዱ። በአንዳሉስ አረብኛ የዚህ ነገድ ሰው «ዘናቲ» ወይም «ዘኔቲ» ይባል ነበር። ስሙ ዛሬም ሕያው ነው። በሞሮኮ የሪፍ ተራሮችና በአልጄሪያ የአውሬስ ተራሮች የሚነገሩትን ቋንቋዎች የቋንቋ ሊቃውንት «ዜናቲ» በሚል ክፍል ይመድቧቸዋል።

የነገድ ስም የሙያ ስም የሆነው በጦርነት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ከ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ በስፔን ምድር የቀረው ዋናው የሙስሊም መንግሥት ግራናዳ ነበር። ከባሕሩ ማዶ ደግሞ ከዜናታ የወጡት መሪኒዶች የፌዝን ከተማ መናገሻቸው አድርገው ሞሮኮን ያዙ። ሌሎቹ የዜናታ ልጆች ዘያኒዶች በዛሬዋ አልጄሪያ በምትገኘው በትለምሰን ከተማ ነገሡ። ከ1260ዎቹ ጀምሮ የዜናታ ፈረሰኞች ጠባቡን ባሕር እየተሻገሩ ለግራናዳ ይዋጉ ነበር። በ1275 የመሪኒዶቹ ሱልጣን አቡ ዩሱፍ ያዕቁብ ራሱ ጦሩን ይዞ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ በግራናዳ ሠራዊት ውስጥ የራሳቸው አዛዥ ያላቸው ቋሚ ክፍል ሆኑ። አዛዡም ብዙ ጊዜ ከመሪኒዶች ቤት የወጣ ልዑል ነበር፤ በአገሩ ሥልጣን ተሻምቶ የተሰደደ።

የስፔን ክርስቲያን መንግሥታት የነበሩት የካስቲያና የአራጎን ሰዎች እነዚህን ፈረሰኞች በሜዳ ላይ አዩአቸው። አስደነገጧቸው። የሰሜኑ ባላባት ሰውነቱን በብረት ሸፍኖ፣ ረጅም ጦር በብብቱ ይዞ፣ ፊት ለፊት ነው የሚገጥመው። ዜናታው ቀላል ነው። ይመጣል፣ አጭር ጦር ይወረውራል፣ ፈረሱን አዙሮ ይሸሻል። ባላባቱ ሊያባርረው ሰልፉን ሲሰብር፣ ዜናታው ዞሮ ይመታዋል። ለዚህ ውጊያ ስም አልነበራቸውም። ስለዚህ በሰዎቹ ነገድ ጠሩት።

ከዚያ የሆነው ይበልጥ የሚገርም ነው። ከ1280ዎቹ ጀምሮ የአራጎን ክርስቲያን ነገሥታት እነዚህን የሙስሊም ፈረሰኞች ራሳቸው መቅጠር ጀመሩ። ደመወዝ፣ ልብስና ፈረስ ይሰጧቸው ነበር። በካታላን ዜና መዋዕሎችና በቤተ መንግሥቱ የወጪ መዝገቦች ውስጥ «ዠኔት» እየተባሉ ይገኛሉ። ካስቲያ ደግሞ ከመቅጠር አልፋ ስልቱን ራሷ ተማረች። በ14ኛው መቶ ዘመን «ኺኔቴ» ሲባል ዜናታ ማለት አልነበረም። የትም ይወለድ የት፣ በዚያ ስልት የሚዋጋ ቀላል ፈረሰኛ ነው። በ1367 በናሄራው ውጊያ የካስቲያው ኤንሪኬ የራሱን ኺኔቴዎች አሰልፎ ነበር። በተቃራኒው ወገን የተሰለፉት የእንግሊዝ ቀስተኞች በረጅም ቀስታቸው ገና ሳይቀርቡ በተኗቸው። ጦር ወርውሮ የሚሸሽ ፈረሰኛ ከሩቅ የሚወጋውን ቀስተኛ መቋቋም አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ስህተት ላርም። ድሮ ቃሉን ከግሪክ «ጉምኔቴስ» ጋር ያያያዙ ሰዎች ነበሩ። ትጥቁ ቀላል የሆነ እግረኛ ወታደር ማለት ነው። ድምፁም ትርጉሙም የቀረበ ስለሚመስል ብዙ ሰው ተቀበለው። ነገር ግን የቃል ምንጭ በመመሳሰል አይረጋገጥም። ማን፣ የት፣ መቼ ለማን እንደተጠቀመበት መታየት አለበት። በስፔን የቆዩ ጽሑፎች ቃሉ ብቅ የሚለው የዜናታ ፈረሰኞች ባሕሩን በተሻገሩበት ዘመን ነው። መጀመሪያም የሚያመለክተው እነሱኑ ነው። የነገዱ ስም በቦታ ስሞች ላይም ቀርቷል። በቫሌንሲያ ምድር አትሴኔታ የሚባሉ መንደሮች አሉ፤ ስማቸው ከዜናታ የመጣ ነው። አረብኛ መዝገበ ቃላት ገልጦ «ጂን» ከሚለው ጋር ማያያዝም የሚያምራቸው አሉ። እሱም መሠረት የለውም።

ስለ ድምፁ ጥቂት ልበል፤ «ዘናቲ» ኺኔቴ እንዴት ሆነ ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። በመካከለኛው ዘመን ካስቲያዊው ቃሉን «ዤኔቴ» ወይም «ጂኔቴ» ወደሚለው በተጠጋ ድምፅ ነበር የሚያነበው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የስፓኒሽ «ዠ» ወደ ጉሮሮ ወረደና «ኸ» ሆነ። ሌሎች ቋንቋዎች ቃሉን የወሰዱት ከዚያ በፊት ነው። ለዚህ ነው እንግሊዝኛው «ጄኔት»፣ ፈረንሳይኛው «ዠኔ» ብለው የድሮውን ድምፅ ያቆዩት። በእነሱ ዘንድ ደግሞ ቃሉ ከሰውየው ወደ ፈረሱ ተሻግሯል። ጄኔት ማለት ትንሽ፣ ቀልጣፋ፣ ሰጋር የስፔን ፈረስ ሆነ። ስሙን ከጋላቢው የወሰደ ፈረስ ነው። በእኛ አገር የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ጋላቢው ነው በፈረሱ ስም የሚጠራው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ነው።

ቃሉ ሙሉ ትርጉሙን የሚያገኘው አጋላለቡን ስናይ ነው። በስፔን ሁለት ትልልቅ የግልቢያ ስልቶች ነበሩ። አንዱ «አ ላ ብሪዳ» ይባላል። እርካቡ ረጅም ነው። እግር ቀጥ ብሎ ወደፊት ይዘረጋል። ጋላቢው ከኮርቻው ጋር ተቆልፎ፣ ከባድ ጥሩር ለብሶ፣ ግጭቱን በሰውነቱ ይቀበላል። ሁለተኛው «አ ላ ኺኔታ» ነው፤ እንደ ዜናታዎቹ ማለት ነው። እርካቡ አጭር ነው። ጉልበት ይታጠፋል። ኮርቻው ከፊትም ከኋላም ከፍ ያለ ነው። ልጓሙ ኃይለኛ ነው፣ በትንሽ ጣት እንቅስቃሴ ፈረሱን ያዞራል። ጋላቢው እርካቡ ላይ መቆም፣ ወደ ኋላ ዞሮ መወርወር፣ ፈረሱን በአንድ ቦታ ማሽከርከር ይችላል። በእጁ «አዳርጋ» የሚባል የቆዳ ጋሻ ይይዛል፤ ይህኛው ቃል እውነትም አረብኛ ነው። እርካብ ተራ ዕቃ ይመስላል፣ የውጊያውን ዓይነት የሚወስነው ግን እሱ ነው። የእኛ የጥንት ፈረሰኞች በባዶ እግራቸው አውራ ጣታቸውን ብቻ በጠባብ እርካብ አስገብተው ይጋልቡ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል።

አ ላ ኺኔታን በዓይነ ሕሊናዎ ለማየት ከፈለጉ ጉግስን ያስቡ። ሁለት ወገን፣ ዘንግ የሚወራወር፣ ሲያሳድዱት በጋሻ ጀርባውን የሚከላከል፣ ከዚያ ዞሮ የሚያሳድድ። በስፔን «ኹዌጎ ዴ ካኛስ»፣ የሸምበቆ ጨዋታ ይሉት የነበረው ልክ እንዲህ ነው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ሲያገባ፣ ልዑል ሲወለድ፣ በከተማው አደባባይ መኳንንቱ በቡድን ተከፍለው ሸምበቆ ይወራወሩ ነበር፤ በአዳርጋም ይመክቱ ነበር። ብዙዎቹ ለጨዋታው የሙስሊም ልብስ ይለብሱ ነበር። ግራናዳ በ1492 ወድቃለች፤ አሸናፊዎቹ ግን የተሸናፊዎቹን ልብስና አጋላለብ ለክብር በዓላቸው አቆዩት። ይህ ለእኔ የታሪኩ ትልቁ ክፍል ነው። ጠላት የነበረ ነገድ ስም፣ የጨዋ ሰው ሙያ መለያ ሆነ። ጎበዝ ባላባት «ለሁለቱም ኮርቻ የሚሆን» ይባል ነበር፤ ብሪዳውንም ኺኔታውንም የሚያውቅ ማለት ነው። ጨዋታውም አጋላለቡም በ18ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳይ ወግ ሲገባ ከቤተ መንግሥት እየወጣ ሄደ።

በዚህ መሃል ስልቱ አትላንቲክን ተሻግሯል። ኮሎምበስ በ1493 ሁለተኛ ጉዞው ፈረሶችን ወደ ካሪቢያን ወሰደ። ስፔናዊው ወራሪ ኮርቴስ በ1519 ሜክሲኮ ሲወርድ 16 ፈረሶች ነበሩት። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው የሚጋልቡት አ ላ ኺኔታ ነበር። ቀላል፣ ፈጣን፣ ለተበታተነ ውጊያ የሚመች ነው። በሰሜን አፍሪካ ኮረብታዎች የተወለደ አቀማመጥ በዚህ መንገድ አሜሪካ ደረሰ። የአሜሪካው አገር ቃሉን የራሱ አድርጎ ብዙ ቅርንጫፍ አወጣለት። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብዎት።

በአርጀንቲናና በኡራጓይ «ኺኔቴያዳ» ማለት ጋውቾዎች፣ የአገሩ ፈረሰኛ ከብት ጠባቂዎች፣ ያልተገራ ፈረስ ላይ ወጥተው ለተወሰኑ ሴኮንዶች ሳይወድቁ የሚቆዩበት ውድድር ነው። በኮርዶባ ክፍለ ሀገር ኼሱስ ማሪያ በምትባል ከተማ ከ1966 ጀምሮ በየጥር ወሩ ትልቅ ፌስቲቫል ይካሄድበታል። አርጀንቲናዊው ባልደረባዎ «ኺኔቴ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያስበው ይህን ጀግና ነው። እሱን ስለ ኺኔቴያዳ ይጠይቁት፤ በደስታ ያወራልዎታል። በሜክሲኮ ደግሞ «ኺኔቴያር» ከፈረስና ከኮርማ ግልቢያ ሌላ የገንዘብ ትርጉም አለው። የሰው ገንዘብ ይዞ፣ ክፍያውን እያዘገዩ፣ በመሃል መጠቀም ማለት ነው። ሜክሲኳዊ «ደመወዜን እየኺኔቴያሩብኝ ነው» ካለዎት ፈረስ የለበትም፣ ስሞታ ነው።

«ኺኔታ» ላይ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ይህ ቃል የአጋላለቡ ስም ነው። አጭር፣ ጫፉ የተለበጠ የጦር ዓይነትም ነው፤ ድሮ የእግረኛ ጦር ሻምበሎች የሥልጣን ምልክት አድርገው ይይዙት ነበር። በኋላ የሳጅን የትከሻ ምልክት ሆነ። አንዳንዴ ሴት ጋላቢ ነው። በአነባበብ አንድ የሆነ ሌላ «ኺኔታ» ደግሞ አለ፤ ሸለምጥማጥ ነው፣ ሌሊት የሚወጣው ባለ ነጠብጣቡ እንስሳ። መዝገበ ቃላት ለብቻው ነው የሚያስቀምጠው፤ ከዜናታ ጋር ዝምድና የለውም። ልጅዎን «ኺኔታ» ከማለት «አማሶና» ማለት ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው።

ቀጣዩ «ካባዬሮ» ነው። ሁለተኛው ወዳጅዎ «ያው ነው» ያለው አይሆንም። ካባዬሮ የመጣው ከላቲን «ካባሉስ» ነው፤ ተራ የጭነት ፈረስ ማለት ነበር። የከበረው የላቲን የፈረስ ስም «ኤኩስ» በስፓኒሽ ወንዱ ጠፍቶ ሴቷ ብቻ ቀረች፤ ዛሬ ባዝራ «ዬጓ» የምትባለው ከእሷ ነው። ካባዬሮ መጀመሪያ ፈረስ ያለው ሰው ነበር። ፈረስ ለመያዝ ሀብት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ባላባት ሆነ፣ ከዚያ ባለ ማዕረግ፣ በመጨረሻ ማንኛውም ጨዋ ወንድ። ዛሬ የመጸዳጃ ቤት በር ላይ «ካባዬሮስ» ተጽፎ ያያሉ፤ «ወንዶች» ማለት ነው። አስተናጋጅ «ካባዬሮ» ካለዎት «ጌታዬ» ማለቱ ነው። ስለዚህ ካባዬሮ የአንድን ሰው ደረጃና ጨዋነት ይናገራል፣ ኺኔቴ ደግሞ ምን እየሠራ እንደሆነ ይናገራል። ፈረሰኛውን ማለት ሲፈልጉ ካባዬሮ አይበሉ። ለሴት ልጅማ በፍጹም አይሆንም።

የመጀመሪያው ወዳጅዎም አረብኛ ያለው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ስፓኒሽ የፈረስ ዕቃ ስም በብዛት ከአረብኛ ወስዷል። «ኻኪማ» የፈረስ ማሰሪያ ነው፣ ከአረብኛ «ሸኪማ»። የካሊፎርኒያ ከብት ጠባቂዎች ከስፓኒሽ ወስደው በእንግሊዝኛ «ሃካሞር» አሉት። «ኻኤስ» የፈረስ ጌጥ፣ «አልባርዳ» የጭነት ኮርቻ፤ ሁሉም ከዚያው ናቸው። ኺኔቴ ግን በአረብኛ በኩል ያለፈ የአማዚግ ስም ነው። ወዳጅዎ ይህን ልዩነት ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል፤ አማዚጎች ያደረጉት ሁሉ በአረብ ስም ሲጻፍ ኖሯልና።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ስለ ልጅዎ ሲናገሩ ስሙን ትተው ግሱን ይጠቀሙ፦ «ሚ ኢኻ ሞንታ አ ካባዮ»፣ «ልጄ ፈረስ ትጋልባለች»። በሁሉም አገር ንጹሕ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። ስም ካስፈለገዎት «አማሶና»። ለወንድ «ኺኔቴ»። «ኺኔቴራ»ን እና «ኺኔቴሮ»ን ሲሰሙ ይረዱ፣ ከአፍዎ ግን አይውጡ። «ኺኔቴያር»ን ደግሞ የሚያናግሩት ሰው ከየት እንደመጣ ሳያውቁ አይጠቀሙ። በስልክ የሚማሩበት ፕሮግራም ይህን ሁሉ አይነግርዎትም። ቃሉን ከአንድ የአማርኛ ቃል ጋር ያጣምርና ያልፋል። ስለዚህ አዲስ ቃል በራስዎ ግምት ወደ ሴት ከመለወጥዎ በፊት መዝገበ ቃላት ይመልከቱ። የስፔን ንጉሣዊ የቋንቋ አካዳሚ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፤ ቃሉ በየትኛው አገር ምን ትርጉም እንዳለውም ምልክት ያደርጋል።

ከስፓኒሽ ወደ አማርኛ ለመተርጎም ለሚያስብ ሰው ደግሞ ጥቂት ልጨምር። በዛሬ ጽሑፍ ኺኔቴ «ፈረሰኛ» ወይም «ጋላቢ» ቢባል በቂ ነው። በስፖርት ዘገባ «ጋላቢ» ይሻላል። በስፓኒሽ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢዎች ዘንድ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 አምባላዩን፣ ዳማውን፣ ጉራቻውንና ሐመሩን ፈረስ የሚጋልቡት «አራቱ ኺኔቴዎች» ይባላሉ። የሙስሊም ነገድ ስም እንዲህ ሆኖ የክርስቲያን ራእይ ውስጥ ገብቷል፤ በአማርኛ ግን «አራቱ ፈረሰኞች» ነው የሚባለው። ከ15ኛው መቶ ዘመን በፊት የተጻፈ የጦር ታሪክ ላይ ሲደርሱ ይጠንቀቁ። እዚያ ኺኔቴ ማለት ቀላል ትጥቅ ያለው ፈረሰኛ ወታደር ነው፤ በ13ኛው መቶ ዘመን ጽሑፍ ደግሞ በቀጥታ የዜናታ ሰው ሊሆን ይችላል። ደፍኖ «ፈረሰኛ» ካሉት ከከባዱ ባላባት ጋር ይቀላቀልና ውጊያው ትርጉም ያጣል። በአርጀንቲና ወታደራዊ ጽሑፍ «ኺኔታስ» ካዩ ደግሞ ስለ ፈረስ አይጻፉ፤ የበታች ሹም የማዕረግ ምልክት ነው።